በገመድ ላይ ያደረ ጫማ

በበረዷማ ተራሮች ሥር ባለችው በሂንተርጋልም መንደር የሰውን ኃጢአት የሚያውቁት ቄሱ ናቸው፤ የሰውን እግር የምታውቀው ግን ቡርግል ናት። መንደሩ እንዲህ እያለ ይቀልድባታል፤ እሷም ቀልዱን አትጠላውም፤ እውነት ነውና። በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ስኪ ከሚያከራየው ከኪሊያን ቤት ሥር ባለው ምድር ቤት ዕድሜዋን የፈጀችው የሰው ጫማ ስትቀበል፣ ስታደርቅና ሽታውን ስታስለቅቅ ነው። ጠዋት እንግዶቹ ጫማቸውን አጥልቀው ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ የረጠበና የከረፋ ጫማ ይዘው ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ቡርግል ጫማውን አንድ ጊዜ ወደ አፍንጫዋ ጠጋ ታደርግና፣ “ይኼ ሰውዬ ዛሬ ፈርቷል፤ የፍርሃት ላብ ነው” ትላለች። ወይም ደግሞ፣ “ይህቺ ልጅ ካልሲዋን ከቀየረች ሰንብታለች።” ስትሳሳት ያየ የለም።

የስኪ ጫማ ሁለት ጫማ ነው። ውጪው እንደ ኤሊ ጀርባ የጠነከረ የፕላስቲክ ቅርፊት ሲሆን በውስጡ እግርን የሚያቅፍ ለስላሳ ጫማ አለ። ሽታ የሚያድረው በውስጠኛው ነው። ሰነፍ ሰው ሽቶ ይረጭበትና ሽታውን ከሽቶ ጋር ያጋባዋል። ችኩል ሰው እሳት ዳር ያስቀምጠዋል፤ እሳት ግን ሽታውን አብስሎ ሱፉ ውስጥ ያስቀረዋል። ቡርግል እንዲህ አታደርግም። ጫማው ገና ሙቀቱ ሳይለቀው ውስጠኛውን መዝዛ ታወጣለች፤ ጋዜጣ ትጠቀጥቅበታለች፤ ጋዜጣው ደርቆ እስኪወጣ ድረስ ትለዋውጣለች። ከዚያ አረቄ በነካ ጨርቅ ውስጡን ትወለውላለች፤ የሶዳ ዱቄት ትነሰንስበታለች፤ አየር በሚነፍስበት ቦታ ታሰጣዋለች። የባሰበትን ከቤቱ ጀርባ ባለው ገመድ ላይ ሰቅላ ለውርጭ ትሰጠዋለች። በመጨረሻ የተራራ ጥድ ፍቅፋቂ የሞላች ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ትጨምርበታለች፤ የዚያ ጥድ መዓዛ ሰው አርጅቶ ሞቶ እንኳ ከልብስ ሣጥኑ አይለቅም።

“ሽታ እንደ ቂም ነው” ትላለች። “ላዩን ብታብሰው ታች ወርዶ ይተኛል።”

ይህን ሁሉ ክረምቱን ሙሉ ታደርጋለች፤ ከገና እስከ ሦስቱ ነገሥታት፣ እስከ ሰብአ ሰገል፣ በዓል ካሉት አሥራ ሁለት ቀናት በቀር። በእነዚያ ቀናት የሸለቆው አሮጊቶች በገመድ ላይ አንዲት መሐረብ እንኳ አያሰጡም። በእነዚያ ቀናት ሙታን በየቤቱ ጣሪያ ላይ ይጋልባሉ፤ የማታው ደወል ከተደወለ በኋላ በገመድ ላይ ተሰጥቶ ያገኙትን ነገር ይዘው ይሄዳሉ፤ ለባለቤቱም መግነዝ ያደርጉታል ይባላል። “በአሥራ ሁለቱ ቀን ያሰጣ፣ መግነዙን አሰጣ” የሚል አባባልም አለ። ዛሬ ቤቱ ሁሉ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ስላለው ወጣቶቹ ይስቁበታል። ቡርግል አትስቅም። በእነዚያ ቀናት ውስጠኛውን ጫማ ከቅርፊቱ ሳታወጣ፣ ሞቅ ያለ አየር በሚነፉት ቧንቧዎች ላይ ትደፋዋለች። ሥራው ይጓተታል፤ ምድር ቤቱም ትንሽ ይሸታል። የኪሊያን አባት ይህን ያውቅ ነበር፤ ዝም ይላት ነበር። ኪሊያንም ከአባቱ ቤቱን ሲወርስ ዝምታውን አብሮ ወረሰ፤ እስከዚያ ክረምት ድረስ።

በዚያ ክረምት የገና በዓል እንዳለፈ ምድር ቤቱ መሽተት ጀመረ።

መጀመሪያ ያነሳው ኪሊያን ነው። ደረጃውን ግማሽ ድረስ ወርዶ ቆመና አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ።

“አክስቴ ቡርግል፣ አይጥ ሞቶብሻል እንዴ?”

“አይጥ ቢሞት እኔ የማላውቅ ይመስልሃል?”

“እና ምንድነው ይኼ?”

“ጫማ ነው” አለች፤ ፊቷንም አላዞረችም።

“ጫማማ ጫማ ነው። የማን ጫማ ነው? አንቺ እኮ ባለቤቱን እስከነ አያቱ ነው የምትነግሪኝ።”

ቡርግል ሌላ ጫማ አንስታ መወልወል ጀመረች። ኪሊያን ደንገጥ አለ፤ አክስቴ የሚላት በሥጋ ሳይሆን በእቅፏ ስላደገ ነው፤ መልስ ስታጣ አይቷት አያውቅም።

በማግስቱ ጋውደንዝ መጣ። ጋውደንዝ የበረዶ መደልደያ መኪና ነጂ ነው፤ ሽማግሌ፣ አፉ የማያርፍ። የረጠበ ጓንቱን ቧንቧ ላይ ሊያስቀምጥ ገብቶ ከበሩ ላይ ቀረ።

“ቡርግል፣ የፍየል አይብ ንግድ ጀመርሽ እንዴ?”

“አንተ ስትገባ ነው የባሰበት።”

“አይ፣ እኔስ ታጥቤያለሁ። ለገና አንድ ጊዜ፣ ለፋሲካ አንድ ጊዜ።” ሳቀ። ወዲያው ግን ሳቁን አቁሞ አየሩን ሳበ። “የሚገርምሽ፣ ይህን ነገር የማውቀው ይመስለኛል። ቅባት አይደለም? ያ የድሮው፣ ከተራራ ፍልፈል ስብ የሚሠራው። ጉልበታችንን የምንቀባው። ዛሬ ማን አለው እሱን?”

“ማንም የለውም” አለች ቡርግል። “ይልቅ ያን ጆንያህን መቼ ነው የምትወስድልኝ?”

“የቱን ጆንያ?”

“በመከር ያመጣኸውን። ጥጉን ይዞብኛል።”

“የኔ መሰለሽ? የተራራው ነው እንጂ። በጋው ሞቆ የላይኛው የበረዶ ግግር ሲሸሽ ከሥሩ ያልወጣ ነገር የለም፤ የተሰበረ ምርኩዝ፣ ጓንት፣ ቆርቆሮ። የተራራው ሊፍት ሠራተኛ ልጆች ሰብስበው ሞሉትና አሸከሙኝ። የጠፋ ዕቃ የሚቀመጥ አንቺ ዘንድ ነው። ባለቤቱ እስኪመጣ ጠብቂለት!”

እየሳቀ ወጣ። ቡርግል ከኋላው በሩን ዘጋችና ከቧንቧዎቹ መሐል ቆመች።

የጋውደንዝ አፍንጫ የቀመሰውን እሷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃው ነበር። የረጠበ ሱፍ፣ የኮመጠጠ ወተት፣ ከሥሩ ደግሞ ያ ቅባት። በዓለም ላይ እንዲህ የሚሸት እግር አንድ ብቻ ነበር። እሱም የወንድሟ የሮመድ እግር ነው፤ ሮመድ ደግሞ ተራራው ከበላው አርባ ክረምት አልፎታል።

ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ አልሞከረችም ማለት አይቻልም። በየቧንቧው ላይ ያለውን ጫማ አንድ በአንድ አንስታ አሸተተች፤ አረቄ ጨረሰች፤ ሶዳ ጨረሰች። ጫማው ሁሉ ንጹሕ ነው፤ ሽታው ግን አለ። ኪሊያን በዚያ ዓመት ለገና በዓል አዲስ ያስገጠመው፣ እስከ ጥጉ የሚደርሰው የማሞቂያ ቧንቧ ሙቀት ሲነፋ ሽታው ይነሣል፤ ቧንቧው ሲያርፍ እሱም ያርፋል፤ ልክ ሰው እንደሚተነፍስ። አፍንጫዋ ወደ ጨለማው ጥግ ይመራታል። እሷ ግን ከመንገድ ተመልሳ አሥር ጊዜ ያጸዳችውን ጫማ እንደገና ታጸዳለች። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ሰው የሚፈልገው ነገር ያለበትን ቦታ እያወቀ ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ያደርጋል።

አንድ ቀን በጠራራ ቀትር፣ ከላይ የእንግዶቹ ኮቴ እየተሰማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ሮመድ፣ አንተ ነህ?” አለች።

ቧንቧው ቀጥ አለ። ቡርግል ልብሷን ሳትደርብ ወደ ውጪ ወጣች።

ነገሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ቡርግል ግን ለማንም ተናግራው አታውቅም። ሮመድ ታላቅ ወንድሟ ነበር። ሳቂታ፣ ቸር፣ በስኪ የሸለቆው አንደኛ፤ እግሩ ግን ሲገማ ለጉድ ነው። እናታቸው፣ “ይህን ልጅ የምታገባው አፍንጫ የሌላት ናት” ትለው ነበር። በሞተበት ክረምት፣ በአሥራ ሁለቱ ቀናት ውስጥ፣ ከተራራ ወረደና ብርቱካንማ ጫማውን ምድጃው አግዳሚ ላይ አስቀመጠ። ያን ዕለት ደግሞ ቡርግልን የሚፈልግ አንድ አናጢ ከላይኛው መንደር ለእራት ተጠርቷል። እናት በረት ውስጥ ላም ታልባለች። ቡርግል ሽታው አናደዳት። ውስጠኞቹን መዝዛ አወጣች፤ ውስጣቸውን እስከ ጫፉ ድረስ በአረቄ ጨርቅ ወለወለች፤ ይዛቸው ወጥታ ከቤቱ ጀርባ ገመዱ ላይ ሰቀለቻቸው።

ሮመድ በመስኮት አይቷት ሳቀ። “እናቴ ካየችሽ ከእነሱ ጎን አንቺን ነው የምትሰቅልሽ!”

“ከደወሉ በፊት አስገባዋለሁ። አንተ እግርህን ታጠብ።”

ከደወሉ በፊት ልታስገባው ነበር። አናጢው መጣ፤ ክኖድል የሚባለው የዳቦ ድብልብል ተበላ፤ ወይን ተቀዳ፤ አናጢው ሲያያት ቀላች፤ ሁሉም ሳቀ። ደወሉ ሲደወል አልሰማችም። ጠዋት ስትነቃ ጫማው ትዝ አላትና እየሮጠች ወጣች። ገመዱ ባዶ ነው። ሮመድም የለም፤ ጎሕ ሲቀድ ጫማውን አጥልቆ ወጥቷል። ሌሊቱን በገመድ ላይ ያደረውን ጫማ።

ከቀትር በፊት የተራራው በረዶ ተናደ። ከሮመድ ጋር የነበሩት ሁለቱ ተገኙ። እሱ አልተገኘም።

ቡርግል አናጢውን ዳግመኛ አላየችውም፤ ሲመጣም በሩን አልከፈተችለትም። እናቷ ስለ ገመዱ አንድ ቀን ቃል አልተነፈሰችም። ቡርግል ያንን ዝምታ እንደ ፍርድ ተቀበለችው። እናት ያወቀች ይመስላታል፤ አውቃ ግን ልጇን ‘ወንድምሽን ገደልሽ’ ላለማለት ጥርሷን ነክሳ የኖረች። እናትም ሞተች፤ ዝምታው ግን ቤት ውስጥ ቀረ። ቡርግል ከዚያ ወዲህ የሰው ጫማ ስታደርቅ ኖረች። ማንም አላሰራትም። ራሷ ፈርዳ፣ ራሷ ታሰረች።

እንግዲህ አሁን ሽታው ምድር ቤት ሲገባ ምን እንዳሰበች ግልጽ ነው። ሮመድ ጫማውን ሊጠይቅ መጥቷል አለች በልቧ። የምትፈራው ግን እሱን ራሱን አልነበረም። የምትፈራው የሚጠይቃትን ጥያቄ ነው።

ከአሥራ ሁለቱ ቀናት መሐል በሚውለው የዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግዳው በዛ፤ ሽታውም ደረጃውን ወጥቶ ሱቁ ደረሰ። አንዲት ሴትዮ የተሰጣትን ጫማ ወርውራ ወጣች። ኪሊያን ፊቱ በርበሬ መስሎ ወረደ።

“አክስቴ፣ በቃ! ውስጠኞቹን አውጪና ስቀያቸው!”

“በእነዚህ ቀናት አይሰቀልም።”

“ያ ሁሉ ጫማ እርጥበቱን እንደያዘ ታፍኖ ካደረ ምን ሊሸት ነው ታዲያ? ጽጌረዳ? አንቺው አይደለሽ እንዴ ‘አየር ያላገኘ ሱፍ አይታረቅም’ ያልሽኝ?”

“ብዬሃለሁ። በእነዚህ ቀናት ግን አይሰቀልም።”

“ሙታኑ የስኪ ጫማ ምን ያደርግላቸዋል? ቁጥሩስ ይሆናቸዋል?”

“አፍህን ጠብቅ፣ አንተ ልጅ።”

ኪሊያን ክፉ ልጅ አይደለም። ግን እልኸኛ ነው። አንድም ቃል ሳይጨምር ውስጠኞቹን እየመዘዘ በቅርጫት ሞላ፤ ተሸክሞ ወጣ፤ ከቤቱ ጀርባ ባለው ገመድ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሰቀላቸው። ቡርግል ከበሩ ላይ ቆማ አየችው። ግራጫ፣ ጥቁር፣ ግራጫ፤ እግር የሌላቸው እግሮች መስለው ተደርድረው ነፋሱ ያወዛውዛቸዋል።

“ከደወሉ በፊት ታወርዳቸዋለህ?”

“ጠዋት ነው የማወርዳቸው። ውርጭ ይግደላቸው። ዘዴው ያንቺ ነው!” አለና፣ ሳቅ ብሎ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። “አትፍሪ አክስቴ። እኔ አሁን ላይኛው ማረፊያ ቤት ወጥቼ እመለሳለሁ፤ አንድ እንግዳ ጫማ ጠቦት ተቀምጧል። ስመለስ ትኩስ ወይን ታጠጪኛለሽ።”

ስኪውን ተሸክሞ ወደ ሊፍቱ ሄደ።

ቡርግል ገመዱን አየች። ጫማውን የሚያጠልቀው እንግዳው ነው፤ ባለቤቱ ግን ማን ነው? ኪሊያን ነው። ሁሉም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የኪሊያን ነው።

ጉሙ ከሰዓት በኋላ ወረደ። መጀመሪያ የተራራውን ጫፍ ሸፈነ፤ ቀጥሎ ጥዱን፤ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ። ሊፍቱ ቆመ። ከላይ ያሉት እንግዶች ቀስ በቀስ፣ እየተጠራሩ፣ አንዱ የአንዱን ጀርባ እየተከተለ ወረዱ። ኪሊያን ግን ከእነሱ ጋር አልነበረም። “ከማረፊያው ከወጣ ቆይቷል” አሏት።

ቡርግል ቅርጫቱን አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ቀኑ ገና አልጨለመም፤ ጉሙ ግን ክንዷን ስትዘረጋ ጣቶቿን ይውጥባታል። የገመዱን ጫፍ በዳበሳ አገኘችው። ውስጠኞቹ ጫማዎች እንደ እንጨት ደርቀዋል፤ ማያያዣው ከሱፉ ጋር ተጣብቆ በጥርሷ ነው የምትፈታው። አንዱን ፈትታ ወደ ቅርጫት፣ ሌላውን ፈትታ ወደ ቅርጫት። ከላይ ድምፅ ይሰማል። የቆመው የሊፍት ሽቦ ነው አለች ለራሷ፤ ነፋስ ሲመታው እንዲህ ያንጎራጉራል። ነፋስ ግን አልነበረም። ድምፁ ከተራራው በኩል መጥቶ ከራሷ በላይ አለፈ፤ እንደ ብዙ ሰው ትንፋሽ፣ እንደ ብዙ ኮቴ፤ ገመዱም በእጇ ውስጥ፣ አንድ ሰው በሌላኛው ጫፍ እንደያዘው ሆኖ ሳብ አለ።

“እነዚህ የኔ ናቸው” አለች ጮክ ብላ። “የኔ ናቸው፤ የእሱ አይደሉም።”

ለምን እንዲህ እንዳለች አታውቅም። የመጨረሻውን ፈትታ ቅርጫት ውስጥ ጣለችና በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ከኋላዋ የማታው ደወል ጀመረ።

ደረጃው ላይ ተቀምጣ ተነፈሰች። ኪሊያን ከተመለሰ ይህን አልነግረውም አለች በልቧ። ይስቅብኛል። ደግሞም እንዲህ ያለ ነገር በእነዚህ ቀናት አይነገርም፤ የተነገረ እንደ ተጠራ ነው። ጠዋት ደርቆ ሲያገኘው ውርጩ ያደረቀው ይምሰለው። ጋዜጣ ልጠቀጥቅበት፤ የጥድ ከረጢት ልክተትበት፤ በቃ።

የቀዘቀዘው ጫማ ሁሉ ማረፊያ ይፈልግ ነበር። ቧንቧው ሁሉ ተይዟል። ሙቀት ያለበት አንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ ጥጉ፣ ጆንያው ያለበት። ቡርግል ቅርጫቱን እንደያዘች ወደዚያ ሄደች። አሁን ከመንገድ አልተመለሰችም፤ ለሕያው ሰው ስትሠራ ሙታንን መፍራት ረስታለች። ጆንያውን ወደ ጎን ልትገፋው ያዘችው፤ አፉ ተፈታ፤ ሽታው እንደ ትልቅ ውሻ ዘሎ ደረቷ ላይ ወጣ።

ጓንት፣ ቆርቆሮ፣ የምርኩዝ ስባሪ። ከሥሩ ደግሞ ጭቃ የለበሰ ብርቱካንማ የስኪ ጫማ። አንድ ብቻ፤ የግራው።

ተንበርክካ ጭቃውን በእጇ ጠረገች። ውስጠኛው በቦታው ነው። ወደ ውስጥ አየች። ታች፣ ጨለማው ውስጥ፣ እናቷ የሠራችው ግራጫ የሱፍ ካልሲ አለ፤ በካልሲው ውስጥም ምን እንዳለ ለማወቅ መንካት አላስፈለጋትም። እጇ ግን ከልማድ ወደ ውስጠኛው ጫማ አፍ ሄዳ፣ ከተረከዙ በላይ፣ እግርን በማይቆረቁርበት ቦታ ላይ አንድ ነገር አገኘች።

ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ናት። በቀይ ክር ተሰፍታለች።

ቡርግል አፍንጫዋን ወደዚያች ከረጢት አስጠጋች። ከዚያ ሁሉ ክርፋት ሥር፣ ከበረዶውና ከጭቃው ሥር፣ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ያልተለወጠ የተራራ ጥድ መዓዛ አለ።

በቀይ ክር የሚሰፋ ሰው በቤታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ እናቷ። ቡርግል ያን ዕለት ውስጠኞቹን በገዛ እጇ እስከ ጫፉ ወልውላለች፤ ያን ጊዜ ይህች ከረጢት አልነበረችም። ሌሊቱን ገመድ ላይ ካደረና እንጨት ከሆነ ሱፍ ውስጥ ደግሞ መርፌ አያልፍም። በምድጃ ዳር የለሰለሰ ሱፍ ብቻ ነው የሚሰፋው። ይህ ጫማ ገመድ ላይ አላደረም። እናቷ ከበረት ስትወጣ አየችው፤ ከደወሉ በፊት አወረደችው፤ ልጆቿ ከእንግዳው ጋር ሲሳሳቁ እሷ ወጥ ቤት ተቀምጣ ሰፋችው። ዝም ያለችው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በእነዚያ ቀናት ስለማይነገር ነው። ከዚያ በኋላም የሚነገር አልመሰላትም። አወረደችው፤ አለቀ። ልጅዋ በዚህ ነገር አርባ ክረምት ስትቃጠል እንደምትኖር በምን ታውቃለች?

“አውርዳው ነበር” አለች ቡርግል። “እማዬ አውርዳው ነበር።”

ኪሊያን ቅንድቡ ነጭ ሆኖ፣ ስኪውን እየጎተተ ሲገባ እዚያው መሬት ላይ አገኛት።

“አክስቴ! በጉሙ ጠፍቼ በጅረቱ በኩል ዞሬ… ምን ሆንሽ? ገመዱ ባዶ ነው፤ ሌባ ገባ እንዴ?” አለና ጫማውን አየ። ድምፁ ወረደ። “ይኼ የማን ነው?”

“የሮመድ።”

ኪሊያን ባርኔጣውን አወለቀ። ስለ ሮመድ ከአባቱ ሰምቷል። አጠገቧ ተንበረከከና፣ “ከየት መጣ?” አላት።

“ጋውደንዝ ነው ያመጣው። ‘ባለቤቱ እስኪመጣ ጠብቂለት’ አለኝ። ሞኝ!” ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ ወረደ። ከዚያ ያልተናገረችውን ሁሉ ነገረችው፤ ገመዱን፣ አናጢውን፣ ደወሉን፣ የእናቷን ዝምታ። ኪሊያን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ሰማት። ስትጨርስ ቅርጫቱ ውስጥ ያሉትን ጫማዎች አየ፤ ጥቂት አሰበና፣ “እነዚህንስ? ከደወሉ በፊት ነው ያወረድሻቸው?” አላት።

“ከደወሉ በፊት።”

“ልትነግሪኝ አልነበረም አይደል?”

“አልነበረም” አለች።

ለፖሊስ ደወሉ። ናዳ ስለሚያሰጋ የሸለቆው መንገድ ተዘግቷል፤ ጠዋት እንመጣለን፤ ምንም ነገር እንዳትነኩ ተባለ። ቡርግል ግን ጫማውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ አነሳችው።

“አክስቴ፣ አትንኩ ብለዋል እኮ።”

“አርባ ክረምት በረዶ ላይ አድሯል። ዛሬ ምድር ቤት አያድርም።”

ኪሊያን መንገዱን እያበራላት አብሯት ሄደ፤ ከቤቷ ደጃፍ ተመለሰ። ቡርግል ምድጃውን አነደደች፤ ጫማውን በድሮ ቦታው፣ አግዳሚው ላይ፣ ከእሳቱ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ሶዳ አልነሰነሰችም። አረቄ አልነካችም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ጫማ እንደ ሽታው ተወችው። በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና ተኛች፤ እንቅልፍም ወሰዳት።

ጠዋት ብርሃኑ በመስኮት ሲገባ ተነሳች። ጫማው እንዳስቀመጠችው አለ፤ በሩም እንደተቀረቀረ ነው። ወለሉ ግን ረጥቧል። ጫማው በሞቀ ጥግ የሰነበተ፣ እንደ አጥንት የደረቀ ነው፤ ከእሱ የሚፈስ ነገር የለም። ውሃው ከበሩ ይጀምራል፤ ጠብ ጠብ እያለ፣ እየራቀ፣ እስከ አግዳሚው ድረስ ይዘልቃል፤ ከተራራ የገባ ሰው በረዶውን ሳያራግፍ ሲራመድ እንደሚጥለው። ከአግዳሚው የሚመለስ ግን የለም።

ቡርግል ጥቂት ቆማ አየችው። ከዚያ ጨርቅ አመጣችና ተንበረከከች።

“ሳታራግፍ አትግባ ስንቴ ልንገርህ” አለች፤ ወለሉንም ከበሩ ጀምራ ወለወለችው።